ሆዴ ሲረጋጋ ቆዳዬ ተነሳ፤ ከዚህ በላይ ምን ልተው?

ሆደባሻዋ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳነባችሁ ግን ከርሜአለሁ።

ክሮንስ የሚባል አንጀት የሚቆጣበት በሽታ አለብኝ። በሽታው ያለው የትንሹ አንጀቴ መጨረሻ ላይ ነው። በልጅነቴ ደግሞ ችፌ ነበረብኝ፤ የክርኔና የጉልበቴ እጥፋት ላይ። ካደግኩ በኋላ ግን ተወኝ። እንዲያውም ረስቼው ነበር።

አምና ሆዴ ክፉኛ ተነሳብኝ። ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ኪሎ መቀነስ፣ ያልነበረ ነገር የለም። ሐኪሜ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ጀመረልኝ፤ ቀጥሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ አዛታዮፕሪን ጨመረ። እኔ ደግሞ በጎን ስፔሲፊክ ካርቦሃይድሬት ዳየት የሚባለውን ያዝኩ። ለማታውቁት፣ እህል የሚባል ነገር አይነካም። ስንዴ የለ፣ ሩዝ የለ፣ በቆሎ የለ። ድንች፣ ስኳርና ወተትም የለም። የሚፈቀደው ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አብዛኛው አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ማር፣ የአልመንድ ዱቄትና ቢያንስ 24 ሰዓት የረጋ እርጎ ነው። ሐሳቡ ሳይፈጭ ወደ ታች የሚወርድ ስኳርና ስታርች ባክቴሪያ እንዳይቀልብ ነው።

ሆዴ ተረጋግቷል። መድኃኒቱ ይሁን ዳየቱ አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። ቢያንስ ሌሊት እተኛለሁ።

አሁን ያስቸገረኝ ቆዳዬ ነው። ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ በቀስ ቀንሼ ከጨረስኩ ብዙም ሳይቆይ እጄ ጀመረ። መጀመሪያ ቀለበቴ ስር ትንሽ ቀላ። ከዚያ ወደ ጣቶቼ መሃል ሄደ። አሁን የሁለቱም እጆቼ ጀርባ እንደ ሻካራ ወረቀት ሆኗል፤ የጣቶቼ ጫፍ ተሰነጣጥቋል። ጠዋት እጄን ስጨብጥ ስንጥቁ ይከፈትና ደም ያወጣል። ሎሚ ስጨምቅማ ነፍሴ ትወጣለች። ሰሞኑን ደግሞ የዓይኔ ቆብ እየቀላ ይላጣል። ይቅርታ አድርጉልኝና መቀመጫዬ አካባቢም የሚያሳክከኝ አያድርስ ነው። የሚገርመው ክርኔና ጉልበቴ ንጹሕ ናቸው።

ስለዚህ ምግብ መቀነስ ያዝኩ። መጀመሪያ እንቁላል ተውኩ። ቀጥሎ አልመንድ። ከዚያ አንዳንድ ምግብ ውስጥ ስላለ፣ ያሳክካል ስለሚባል ሂስታሚን የሚሉት ነገር አነበብኩና እርጎውን፣ ቲማቲሙን፣ ስፒናቹን፣ ረጅም ሰዓት የሚቀቀለውን የአጥንት መረቅ ሁሉ ተውኩ። የቀረኝ ዶሮ፣ ዝኩኒ፣ ካሮት፣ ፒርና የወይራ ዘይት ነው። ዝኩኒ ሳይ እንባዬ ይመጣል። ኪሎዬ እንደገና መውረድ ጀምሯል። እጄ ግን ያው ነው።

ባለቤቴ «ከዚህ በኋላ የሚቀርሽ ውሃ ነው» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «መርዙ በቆዳሽ እየወጣ ነው፤ ትንሽ ታገሺ» ትላለች።

እና ምን ልተው? ሂስታሚን ነው የምትሉ አላችሁ? ስቴሮይድ ቅባት ታዞልኛል፤ ቱቦው አልተከፈተም። ያን ሁሉ ፕሬድኒሶሎን ከዋጥኩ በኋላ ስቴሮይድ የሚል ስም መስማት አልፈልግም።

የመንታ_እናት

አይዞሽ እህቴ። እኔም በቆዳ ብዙ ተሠቃይቻለሁ። ክርኔና ጉልበቴ ላይ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ ነበረብኝ፤ ሌሊት እስኪደማ ነበር የማክከው። በስንት መከራ ሴሊያክ፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚያስቆጣበት በሽታ ነው ተባለ፤ ግሉተን ካቆምኩ ወዲህ ድራሹ ጠፋ። ስለዚህ ከምግብ ነው ባይ ነኝ። የሚያስቸግርሽን እስክታገኚው ጨክነሽ ቀጥዪ። ፕሮባዮቲክም ሞክሪ።

ችፌ_ያሳደገኝ

እህቴ ሆደባሻዋ፣ ምን ልተው ላልሽው፦ ምንም። በተረፈሽ ምግብ ላይ እጅሽን አታንሺ።

እኔን ችፌ ነው ያሳደገኝ ማለት ይቻላል። አልሰረቲቭ ኮላይተስ የሚባለው የትልቁ አንጀት መቆጣት ደግሞ በጎልማሳነቴ ተጨመረልኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሁለቱም ቤቴ ስለሚኖሩ ጠባያቸውን አውቃለሁ።

የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። የምትበዪውን አንድ በአንድ ነግረሽናል። ስለምትነኪው ግን ምንም አላልሽም። እስቲ ቦታውን ተመልከቺ። እጅ፣ የዓይን ቆብ፣ መቀመጫ። ክርንና ጉልበት ደህና። የተዋጠ ምግብ በደም ዞሮ አብዛኛውን ጊዜ እጅሽን ከክርንሽ መርጦ አይመታም። የልጅነት ቦታውን ትቶ እጅ ላይ የሰፈረ ችፌ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ከውጭ የሚነካ ነገር ነው።

ቀንሽን አስቢው። ይህ ዳየት ሰውን ከኩሽና አያስወጣም። የታሸገ ነገር ስለማይበላ ሁሉም በእጅ ይሠራል። አትክልት ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ይከተፋል። ዶሮ ይበለታል። የእርጎው ዕቃ ይለቀለቃል። ድስቱ፣ ቢላው፣ መክተፊያው ይታጠባል። በየመሃሉ እጅ ይታጠባል። ከመጸዳጃ ቤት በወጣሽ ቁጥርም እንደገና ይታጠባል፤ የእኛ ዓይነት ሰው በቀን ስንቴ እንደሚመላለስ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ሳሙና የቆዳን ቅባት ይዞት ይሄዳል። ጤነኛ ቆዳ ቶሎ ይተካዋል። የእኛ ቆዳ ግን ድሮም መከላከያው ስስ ነው። አንዳንዶቻችን ፊላግሪን የሚባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ላይ ጉድለት አለብን፤ ይህ ከችፌ ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አንዱን እጥበት ሳይጠግን ሌላው ይደርስበታል።

ቀለበቴ ስር ጀመረ ብለሻል። የታወቀ መነሻ ነው። ሳሙናና ውሃ ቀለበት ስር ገብቶ ይቀመጣል። ለጊዜው አውልቂው።

ሁለተኛ ነገር። የሚዋጥ ስቴሮይድ አንጀትን ብቻ አያረጋጋም፤ ችፌንም ያስተኛል። ሲቆም ችፌው ይነሳል፤ አንዳንዴ ከበፊቱ ብሶ። አንቺ ክኒኑን ስትጨርሺ ነው የጀመረሽ። ሰው ግን ሲያመው የሚያስታውሰው የበላውን ነው፤ ያቆመውን ክኒን አይደለም። እንቁላል ያለ ኃጢአቱ ተከሰሰ ባይ ነኝ።

ሂስታሚንን በተመለከተ፣ አንዳንድ ሰው ከተብላላና ከቆየ ምግብ በኋላ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያሳክከዋል። ይህን አልክድም። ያንቺ ግን እጅ ላይ የተወሰነ ደረቅ ስንጥቅ ነው። ቲማቲሙ ስትበዪው ሳይሆን ስትከትፊው ነው የሚለበልብሽ።

መርዝ በቆዳ ይወጣል የሚለውን ለጓደኛሽ መልሽላት። ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው።

የመንታ_እናት፣ እንኳን ተሻለሽ። ያንቺ ግን ሌላ በሽታ ይመስለኛል፤ ደርማታይተስ ሄርፔቲፎርሚስ የሚሉት። ከሴሊያክ ጋር የሚመጣ ነው፤ ክርን፣ ጉልበትና ቂጥ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ግሉተን ሲቆም ቀስ እያለ ይጠፋል። እሷ እህል ከተወች ቆይታለች፤ ግሉተን ቢሆን ኖሮ ሲሻላት እንጂ ሲብስባት አናይም ነበር። ፕሮባዮቲክም ለችፌ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ እንደማያመጣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ተናግሯል። ለገንዘቧ እናዝንላት።

ሆደባሻዋ፣ አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። የጣት ጫፍሽ በየትኛው እጅ ይብሳል? የትኞቹ ጣቶች? ነጭ ሽንኩርትስ በብዛት ትልጫለሽ?

ሆደባሻዋ

ኧረ አንተ ጠንቋይ ነህ እንዴ?

ግራ እጄ ነው። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ። ቀኝ እጄ ላይ ጀርባው እንጂ ጫፉ ያን ያህል አይደለም። የምሠራው በቀኜ ነው። ነጭ ሽንኩርት አዎ፣ በየቀኑ። ዶሮና ዝኩኒ ሌላ በምን ይበላል?

እጄን ስንቴ እንደምታጠብ ቆጥሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ከጻፍክልኝ በኋላ ራሴን ታዘብኩት፤ ምሳ እስኪደርስ ብቻ ገንዳው አጠገብ ነው የዋልኩት ማለት ይቻላል። ደግሞ በእቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ ቅርብ ስለሆነ።

መቀመጫዬ ላይስ? እዚያ ነጭ ሽንኩርት አይደርስ መቼም። ተቅማጡ ክፉ በነበረበት ጊዜ ሶፍት ሲያደማኝ እርጥብ ዋይፕስ ጀመርኩ፤ ለሕፃናት ነው የሚለውን። አሁንም እሱን ነው የምጠቀመው።

ችፌ_ያሳደገኝ

ጥንቆላ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት የሚላጠውና የሚከተፈው በግራ ሦስት ጣቶች ተይዞ ነው፤ ቢላው በቀኝ ነው። በግራ የሚሠራ ሰው ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ውስጡ ዲያሊል ዳይሰልፋይድ የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ነው ጫፉን የሚያደርቀውና የሚሰነጥቀው። ክፋቱ ብዙውን ጓንት አልፎ ይገባል። ስለዚህ ጓንት አድርጌ ልላጥ አትበዪ። ሌላ ሰው ይላጠው፣ ወይም ለጊዜው ይቅር።

ለሌላው ሥራ ግን ጓንት ግድ ነው። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ወፍራም ቅባት እቀባለሁ። ላዩ ላይ ስስ የጥጥ ጓንት አጠልቃለሁ። ከዚያ በላይ ሰፋ ያለ የቪኒል ወይም የናይትራይል ጓንት። ጥጡ ላብ ይመጥጣል፤ ያለሱ እጅሽ ላስቲኩ ውስጥ ይርስና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከ20 ደቂቃ በላይ አላቆየውም፤ አውልቄ አናፍሰዋለሁ። ላቴክስ አልመክርሽም፤ ላቴክስ አለርጂ የሆነበት ሰው አንዳንዴ ሙዝ፣ አቮካዶና ኪዊም ይነሱበታል። አንቺ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚቀነስ ፍራፍሬ የለሽም።

ከመጸዳጃ ቤት በኋላ ውሃና ሳሙና የግድ ነው። ሳሙናው ግን ሽቶ የሌለበት፣ ለደረቅ ቆዳ የሚሆን ይሁን። ውሃው ለብ ያለ። እጅሽን በፎጣ አትፈትጊው፤ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂውና ሳይደርቅ ቅባትሽን ቀቢ። ከገንዳው አጠገብ አንድ፣ አልጋ አጠገብ አንድ፣ ቦርሳ ውስጥ አንድ አስቀምጪ። ራቅ ካለ እንደማትቀቢው በራሴ አውቀዋለሁ።

ስለ ዋይፕሱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይኖራል።

ፋርማሲ_ነኝ

እኔ ልግባ። የዋይፕሱን ማሸጊያ ገልብጪና የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር አንብቢው። «ሜቲልአይሶታያዞሊኖን» የሚል ረጅም ስም ካየሽ ዛሬውኑ አቁሚው። ማሸጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ «ታያዞሊኖን» ብሎ የሚያልቅ ስም ፈልጊ። ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳይበቅል የሚጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ ቁስለት ማኅበር የዓመቱ ቀንደኛ አለርጂ አምጪ ብሎ ሰይሞታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሳይታጠቡ ቆዳ ላይ በሚቆዩ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። «ለሕፃናት» ወይም «ለስላሳ» የሚለው ጽሑፍ ዋስትና አይደለም። እቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሻምፖ ውስጥም ይገኛል። በቅርቡ የተቀባ የግድግዳ ቀለም እንኳ በአየር መጥቶ የዓይን ቆብ የሚያስቆጣበት ጊዜ አለ። በእጅሽ ነክተሽው ዓይንሽን ካሸሽም ቆቡ ቀድሞ ይቆጣል፤ ከገላችን ሁሉ ስሱ ቆዳ እሱ ነው። በዋይፕሱ ፋንታ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን።

ሐኪምሽን ፓች ቴስት፣ ማለትም ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚሠራውን የንክኪ አለርጂ ምርመራ ጠይቂው። በደም የሚሠራው የምግብ አለርጂ ምርመራ ይህንን አያሳይም። በተለይ አይጂጂ የሚለውን በገንዘብሽ እንዳትሠሪ፤ የሚያሳየው የበላሽውን ምግብ እንጂ የሚጎዳሽን አይደለም።

አሁን ወደዚያ ወዳልተከፈተው ቱቦ ልምጣ። ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ በየቀኑ የምሰማው ፍርሃት ነው፤ አልፈርድብሽም። ግን ፕሬድኒሶሎን ተውጦ መላ ሰውነት ይዞራል። ቅባቱ በአብዛኛው የተቀባበት ቆዳ ላይ ነው ሥራውን የሚጨርሰው። እጅ ላይ ደግሞ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ደካማው አይበቃውም፤ ሐኪም ጠንከር ያለ የሚያዘው ለዚያ ነው። ልኩ እንዲህ ነው። ከቱቦው ጨምቀሽ ከሌባ ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት ድረስ አስምሪ። ያ ወደ ግማሽ ግራም ነው፤ ለአንድ እጅ ፊትና ጀርባ ይበቃል። በተባለልሽ ጊዜ ቀቢ፤ ሲሻልሽ ሐኪሙ እንዴት እንደምትቀንሺ ይነግርሻል። በአንዴ ከማቆም በሳምንት ሁለት ቀን እየቀቡ ማቆየት ብዙ ሰው ላይ ግርሻን ይከላከላል። የእጅሽን ቅባት ግን ወደ ዓይን ቆብሽ እንዳትወስጂው። ለዚያ ሌላ ነው የሚታዘዘው፤ ብዙ ጊዜ ደካማ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ወይም ስቴሮይድ ያልሆነው የታክሮሊመስ ቅባት። በአዛታዮፕሪን ላይ ስለሆንሽ የኋለኛውን ከማዘዙ በፊት ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

የምትወስጂው አዛታዮፕሪን ራሱ ለከባድ ችፌ ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። ሥራውን ለመጀመር ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈልጋል። ከፀሐይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እጅሽንና ፊትሽን ከልይ። ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን ከሌላው ሰው ይልቅ አንቺን ያሰጋሻል። ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ እርጥበት ካወጣና ከተስፋፋ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። በድንገት የሚያም፣ የተበሳ የሚመስል ትንንሽ ቁስል ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ የሄርፒስ ቫይረስ ችፌ ላይ ሲሰራጭ እንዲያ ነው። ዓይን አጠገብ ከሆነማ ጨርሶ አይታደርም።

አንጀት_አርስ

ልጄ፣ ስለ ቆዳው ተብሏል። እኔ ስለ ሆድሽ ልናገር። ክሮንስ ይዞኝ ነው ያረጀሁት፤ ከትንሹ አንጀቴ መጨረሻ ላይም ተቆርጦልኛል።

ዶሮና ዝኩኒ ብቻ እየበሉ ቆዳ አይድንም። ቆዳ የሚጠገነው በምግብ ነው። ተቅማጥ ዚንክን ይዞ ይወጣል፤ ዚንክ ሲያንስ ደግሞ አፍ ዙሪያ፣ እጅና መቀመጫ ላይ ችፌ የሚመስል ነገር ይወጣል። አየሽ፣ አስመሳይ ብዙ ነው። የቅባት እጥረትም ቆዳን ያደርቃል። አይረን ሲያንስ ያለ ሽፍታም ያሳክካል። ቢ12 የሚመጠጠው በሽታሽ ካለበት ከዚያው ቦታ ነው። ስለዚህ አስመርሚ፤ ግን ውጤቱን ሐኪምሽ ይተርጉመው። ሰውነት ሲቆጣ ዚንክ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የአይረን ክምችት መለኪያው ፌሪቲን ደግሞ አይረን አንሶም ቢሆን ከፍ ሊል ይችላል። በራስሽ ዚንክ ገዝተሽ እንዳትቅሚ፤ ሲበዛ መዳብ ያሳንሳል።

ስለ መቀመጫሽ ደግሞ አትፈሪ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። ዋይፕሱ ሊሆን ይችላል። ግን የትንሹ አንጀት መጨረሻ ሲታመም የሐሞት አሲድ ሳይመጠጥ ይወርድና ሰገራው ያቃጥላል፤ ለዚያ መድኃኒት አለው። ክሮንስ ደግሞ እዚያ አካባቢ መግል የሚቋጥርበትና ፊስቱላ የሚባል ከአንጀት ወደ ቆዳ የሚወጣ ቀዳዳ የሚያበጅበት ጊዜ አለ። ሕመም፣ እብጠት ወይም ፈሳሽ ካለ ማሳከክ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ሰው አፍሮ ደብቆት ስንቱ ተጎድቷል።

የያዝሽውን ዳየት አልንቅም፤ እኔም ይዤው አውቃለሁ። ግን መነሻውን እወቂ። ዶክተር ሲድኒ ሃስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ለሴሊያክ ሕፃናት ሙዝ የበዛበት አመጋገብ ጽፈው ነው ነገሩ የተጀመረው። ለሆድ እንጂ ለቆዳ አልታሰበም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ክሮንስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ይህንን ዳየት ከሜዲትራኒያን አመጋገብ ጋር አወዳድሮ፣ በ6 ሳምንት የዚህኛውን ብልጫ አላገኘም። ሁለቱም ቡድን ውስጥ ብዙ ሰው ተሽሎታል። ላላ ብትዪ ሰማይ አይደፋብሽም ለማለት ነው።

መጀመሪያ የምትመልሺው እንቁላሉን ይሁን። ድሮ በልተሽ ወዲያው አብጠሽ ወይም ትንፋሽ አጥሮሽ የማያውቅ ከሆነና ከተውሽው ሩቅ ካልሆነ በደንብ አብስለሽ በትንሹ ጀምሪ። ድሮ እንዲያ ያደረገሽ ምግብ ካለ ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪ። ችፌ ያለበት ሰው አንድን ምግብ ለረጅም ጊዜ ትቶ ሲመለስ ሰውነቱ ረስቶት በከባድ አለርጂ የሚቀበልበት ጊዜ አለ። ዝም ብሎ መቀነስ ጉዳቱ ኪሎ ብቻ አይደለም። አንድ በአንድ መልሺ፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር አትቀላቅዪ፤ በዚያው ሳምንት ሳሙናም አትቀይሪ።

ሆደባሻዋ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት። ዋይፕሱን ገልብጬ አየሁት፤ ያ ረጅም ስም አለበት። ሻምፖዬም ላይ አለ። ሁለቱንም ጥያለሁ። የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሄጄ እነግራችኋለሁ።

የመንታ_እናት

ስሙን ዛሬ ገና ነው የማውቀው፤ እኔ ችፌ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው። ሆደባሻዋ፣ የእኔን ምክር ተዪውና የእነሱን ስሚ። ውጤቱን ሳትነግሪን እንዳትጠፊ።

ሆደባሻዋ

ጠፋሁባችሁ። ፓች ቴስቱ ጊዜ ወሰደ። ጀርባዬ ላይ ትንንሽ ነገር ለጣጥፈው 48 ሰዓት እንዳላርሰው ተባልኩ፤ ሲነሳ አንዴ ታየ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ተመልሼ ሄድኩ። ሁለተኛው እይታ ነው ቁም ነገሩ አሉኝ፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። የዋይፕሱ ነገር ጎልቶ ወጣ፤ ያለበት ቦታ እብጥ ብሎ ቀልቶ ነበር። የነጭ ሽንኩርቱም ወጣ። እንቁላልና ቲማቲም የዚህ ምርመራ ጉዳይ አይደሉም አለችኝ ሐኪሟ፤ ፋርማሲ_ነኝ እንዳልከው።

መቀመጫዬ ዋይፕሱን ከተውኩ በኋላ ቀድሞ ዳነ። ለሆድ ሐኪሜም ነግሬዋለሁ፤ አየኝ፣ ፊስቱላ የለም። የዓይኔ ቆብ ሻምፖውን ስቀይር ተወኝ። እጄ ግን ቀርፋፋ ነው። ቱቦውን ከፍቼዋለሁ። ስንጥቁ ገጥሟል፤ አሁን ሎሚ መጭመቅ እችላለሁ፣ በጓንት። ጀርባው ግን ብዙ ዕቃ ያጠብኩ ቀን ይቀላል። ሐኪሟ የእጅ ችፌ ወራት ይፈልጋል፤ የተሻለ ሲመስልሽ ጓንቱን እንዳትጥዪ ብላኛለች። ድንገት ሁለቱም በሽታዎች አንድ ላይ ቢከፉ ደግሞ ኡፓዳሲቲኒብ የሚባል ለችፌም ለክሮንስም የተፈቀደ ክኒን እንዳለ ነገረችኝ። አሁን አያስፈልግሽም፣ ግን እወቂው ነው ያለችው።

ዚንኬ አንሶ ነበር፤ በሐኪም ትእዛዝ ለጊዜው እየወሰድኩ ነው። እንቁላል ተመልሷል። እርጎውም። ምንም አልሆንኩም። አልመንዱን ቀጣይ ሳምንት እጀምራለሁ። ዝኩኒ ግን ለጊዜው ተጣልተናል።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ። የጥጡ ጓንት ቅባት እየጠጣ ይጠነክራል፤ ምን ታደርጉታላችሁ?

ችፌ_ያሳደገኝ

ደስ ሲል! የጥጡን በየቀኑ ቀይሪው፤ ብዙ ጥንድ ገዝተሽ አስቀምጪ፤ ርካሽ ነው። በሙቅ ውሃ እጠቢው፤ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሪበት፤ ሽቶ አለው። በደንብ ይለቅለቅ፤ የቀረ ሳሙና መልሶ እጅሽን ነው የሚያገኘው። የላስቲኩን ገልብጠሽ አድርቂ። ቀዳዳ ካየሽበት ጣዪው፤ ውስጡ ሳሙና የገባበት ጓንት ባዶ እጅ ከመታጠብ ይብሳል።

ደግሞ አደራ፣ ቫዝሊን የጠጣ ጥጥ እሳት ቶሎ ይይዛል፤ ቢታጠብም ጨርሶ አይለቅም። ምድጃ ከመለኮስሽ በፊት አውልቂው።